ዓይንሽን ያዞርሽበት ሥዕል

የሺዬ፣ የልጄ እናት፣ እግዚአብሔር ነፍስሽን በአብርሃም እቅፍ ያኑራትና፣ ከተለያየን ዓመት ከሁለት ወር ሆነን።

ቤቱን አዲስ ሣር አልብሼዋለሁ። ያቺ ጊደርሽ ወለደች። ከገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊነት ወጥቻለሁ። ከልጃችን ከአበራ ግን ከጦር ግንባር አሁንም ወሬ የለም።

ለሙት ዓመትሽ መታሰቢያ ለደብራችን የእመቤታችንን ሥዕል አሣልሁ። እንደ ልማዱ ከእግሯ ሥር አንቺና እኔ ጎን ለጎን እንድንሣል ሠዓሊውን መሪጌታን ለመንሁ። ያንቺን ጨርሰው ጠሩኝ። የግንባርሽ ንቅሳት፣ የነጠላሽ አጣጣል፣ ሁሉም አንቺ ነሽ። ዓይንሽ ግን ለኔ የተተወውን ባዶ ቦታ ትቶ ወደ ሌላው ወገን ዞሯል። ከንፈርሽም ግጥም ብሏል።

«መሪጌታ፣ የሺ እኮ ሳቂታ ነበረች፤ እባክዎ ትንሽ ፈገግ ያድርጓት» አልኋቸው።

«ሳቋንማ ሠርጋችሁ ላይ አይቻለሁ። በኋላ በኋላ ግን ደጀ ሰላሙ ላይ የማያት እንዲህ ሆና ነው። ካልህ አጠፋዋለሁ፤ ሥዕሉ እሑድ ይገባል፣ እስከዚያ ቁረጥ።»

እሳቸው ምክንያቱን አያውቁም። እኔና አንቺ እናውቃለን። የውትድርናው ስም ዝርዝር ሲመጣ፣ የሰውን ልጅ በእጄ ጽፌ የራሴን ብሸሽግ ምን እባላለሁ አልሁ። አበራ ብልባላ ሄዶ አጎቱ ዘንድ መደበቁን ለመልማዮቹ የተናገርሁ እኔ ነኝ። ለእውነት ብዬ ይሁን ፈርቼ፣ ዛሬም ለራሴ አልመለስሁም። አንቺ አንድ ቀን እንኳ አልረገምሽኝም። እራቴን ታቀርቢያለሽ፣ እግሬን ታጥቢያለሽ፤ ዓይንሽ ግን ከትከሻዬ አልፎ ይሄዳል። ሐሳቧ ጸሎት ላይ ነው እል ነበር። ወይስ እንዲያ እንዲመስለኝ ፈልጌ ነው?

ሦስት ቀን ሳወጣ ሳወርድ ከርሜ ሄድሁ። «የሷን አይንኩት። እኔን ግን በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ኃጢአተኛ እንደሚሣለው ወደ ጎን አዙረው፣ በአንድ ዓይን ይሣሉኝ» አልሁ።

ሳቁብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ዳኝነቱን ከማን ቀማኸው? ይልቅ ሁለት ዓይንህን ይዘህ እዚህ ተቀመጥ!»

ተቀመጥሁ። ወደ አንቺ እያየሁ ተሣልሁ።

ያደረግሁትን ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፤ አበራም ቢመለስ ከኔው አፍ ይሰማዋል። ሳቅሽን ብቻ መርጬ አላስብሽም፣ የሺዬ፤ ዝምታሽንም ጨምሬ ነው። ከሥዕሉ ፊት ስቆም ወደኔ እንድትዞሪ አልለምንሽም። እስከ ዕለተ ሞቴ፣ አንቺ የምታዪበትን እያየሁ ልጃችንን እጠብቃለሁ።