የስፒከሩ ሽቦ 4 ላይ ይሁን

ኪዲ፣
አባባ አርፈዋል፤ ጠዋት ተደወለልኝ። ወደ ሐሙሲት ሄጃለሁ። ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፣ ሳይበላሽ ብዪው።

ባለአምፖሉን አምፕሊፋየር እንዳትነኪው። ድምፅ ይጨምራል ብለሽ የስፒከሩን ሽቦ ከትራንስፎርመሩ 4 ቁጥር መሰኪያ ነቅለሽ 8 ላይ ሰክተሽው ነበር። ድምፁስ ጨመረ። ግን ወፍራሙ ድምፅ ሲመጣ የስፒከሩ ሬዚስታንስ ያሻቅባል፤ 8 ላይ ሲሆን አምፕሊፋየሩ ልጓሙን ይለቅለታል፣ ቤዙ ያጓራል።
«የአባትሽ በገና እንደ በሬ ያጓራል» ብለሽ የሳቅሽው ያኔ ነው።


ዛሬ ወደ 4 መለስሁት። ወንድሜ መጥቶ እስኪወስደኝ የበገና ካሴታቸውን ከፍቼ ሰማሁት።
አያጓራም። በአውታሮቹ መሃል አባባ ሲተነፍሱ ይሰማል።

ሔራን