ሰፈሩ ያልሰማው ጥሪ

መስከረም ፫ ቀን

ዝናቡ አባራ። ኪዳን አድርሼ ተመለስሁ፤ የተጋደመውን አጥር አቃናሁ። ጉልበቴን ይቆረጥመኛል።

ምሳ ላይ ተከራይዋን ጠራኋት። እመቤት ትባላለች፤ የዩኒቨርሲቲ መምህርት፣ የአዲስ አበባ ልጅ። የጓሮውን ክፍል ከተከራየች አምስት ወሯ ነው። ጥቂት እንደቀማመስን፣ «ጋሼ፣ ከተማችሁ ደስ ይላል» አለች። «አየሩም፣ ሰዉም። ግን ባህል የለውም።»

ጉርሻውን ከአፌ መለስሁት። «ምን ማለትሽ ነው?»

«ማለቴ... ቲያትር የለም። የመጻሕፍት መደብር የለም። ከሥራ በኋላ ሰው የሚሄድበት የለም። ሁሉም በጊዜ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል።»

ሠላሳ ስምንት ዓመት አማርኛ ያስተማርሁባት ደብረ ታቦር... ባህል የላትም? ተነሥቼ ሣጥኔን ከፈትሁ። ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ገጽ የእጅ ጽሑፍ። የሠርጉ ወግ፣ የዕርቁ ሥርዓት፣ ምሳሌያዊው አነጋገር፣ ሁሉም በየአንቀጹ። ሃያ ዓመት የፈጀ፤ እስከ ዛሬ ማንም ያላነበበው። ሰጠኋት። በሁለት እጇ ተቀበለች። መልካም።

መስከረም ፰ ቀን

ጠየቅኋት። «ሦስት ገጽ ደርሻለሁ ጋሼ። ትንሽ ከበድ ይላል።»

ይክበዳ! ወርቅስ ይከብድ የለም?

መስከረም ፲ ቀን

ጎህ ሲቀድ ባዩ ጥሩምባውን ነፋ። የዕድራችን ለፋፊ ነው፤ ሰው ባረፈ ቁጥር ሰፈሩን በእግሩ እየዞረ ይጠራል። ፊደል አልቆጠረም። እኔ የዕድሩ ጸሐፊ ነኝና ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጥሪውን እየሰማሁ ጥርሴን ነክሻለሁ። የዛሬውን ቃል በቃል ልጻፈው፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ያ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን የሚሳደበው! ተሳድቦ ደግሞ ጠርቶ የሚያበላው! የሙላቴ አባት ዐረፈ! ያልሰደበው ይቅር፣ የሰደበው ይውጣ!»

ይህ የሞት ማስታወቂያ ነው? የሟች ስም የለ፣ የቀብር ሰዓት የለ፣ በወጉ የተቋጨ አንድ ዓረፍተ ነገር የለ። ሰፈሩ ግን ነቅሎ ወጣ። እየሳቀ አለቀሰ፤ እያለቀሰ ቀበረ።

እመቤትስ? በነጠላ ጫማ ከኋላው ሮጠች፣ ስልኳን ዘርግታ ድምፁን እየቀዳች። ስትመለስ ዐይኗ ቀልቷል። «ጋሼ! ተሳስቼ ነበር። ባህልማ አላችሁ!»

የእኔ ሃያ ዓመት ሦስት ገጽ። የእርሱ አንድ ጧት... ሙሉ ከተማ።

መስከረም ፲፫ ቀን

ባዩ ደጄ ላይ ከእርሷ ጋር ቆሞ አገኘሁት። ትንከተከታለች። ሲያየኝ ቆቡን አነሣ።

«መምህር፣ ይችን ልጅ ለእኔ ይልቀቁልኝ። በዓመቷ ጥሩምባ ነፊ አድርጌ አስመርቃታለሁ።»

«ጋዋን አለው?» አለች።

«ጋቢ አለው።»

እንደ ገና ሳቅ። ከእኔ ጋር እንዲህ ስቃ ታውቃለች? አታውቅም። «አዎን ጋሼ»፣ «እሺ ጋሼ»... ቅናት ነውን? በስሙ ልጥራው እንግዲህ። ነው። በሰባ አንድ ዓመቴ፣ በጥሩምባ ነፊ።

መስከረም ፲፯ ቀን

የመስቀል ዕለት። በደመራው ዙሪያ ሁላችንም ነበርን። እርሷ ከባዩ ጎን።

መስከረም ፲፱ ቀን

የዕድር ስብሰባ። እጄን አወጣሁ። ዘመኑ ተለውጧል፣ ከተማችን የዩኒቨርሲቲ ከተማ ሆናለች፣ ጥሪያችንም ሥርዓት ይያዝ አልሁ። ጸሐፊው ማስታወቂያውን ያርቅቅ፤ የሟች ስም በመዝገቡ እንደ ሰፈረው ይነገር፤ በድምፅ ማጉያ ተቀድቶ ባጃጅ ይዞት ይዙር።

የዕድሩ ዳኛ አቶ ዘውዱ፣ «ባዩስ?» አሉ።

«ይረፍ። እግሩንም ያመዋል።»

ለእግሩ አዝኜ? አይደለም። ይህን እዚህ ካልጻፍሁት የት እጽፈዋለሁ? እጅ ተቆጠረ፤ አለፈ። ግማሹ ያስተማርሁት ነው፤ ማን ይቃወመኛል?

ባዩ ጥሩምባውን በጋቢው ጠቀለለ። «እንግዲያ ወንዛዬ ወርጄ ፍል ውኃ ልግባ» አለ። ከበሩ ዞር ብሎ ደግሞ፣ «ሙታኑን አደራ፣ መምህር።»

መስከረም ፳፬ ቀን፣ ቀትር

ወይዘሮ ትርንጎ ይርዳው ዐረፉ። በገበያ ጌሾ ሲሸጡ የኖሩ፣ ሁሉም «የጌሾዋ እታለም» የሚላቸው። ማስታወቂያውን በአንድ ቁጭታ አረቀቅሁ። መጀመሪያ «በጌሾ ንግድ የሚታወቁት» ብዬ ነበር፤ ለሟች ክብር አይመጥንም ብዬ ሰረዝሁት። «እታለም»ንም እንዲሁ። የቀረው ንጹሕ ነው። ራሴ አነበብሁት፤ ባጃጁ ሦስት ጊዜ ዞረ።

እመቤት ከክፍሏ ብቅ አለች። «ጋሼ፣ የእርስዎ ድምፅ ነው? እኔ የራዲዮ ዜና መስሎኝ!»

የራዲዮ ዜና! ይህን ቃል እንደ ማር ወለላ እያጣጣምሁት ነው።

ያው ቀን፣ ሠርክ

ዘጠኝ ሰው። ካህናቱን ሳልቆጥር ዘጠኝ ሰው መጣ።

ቃሬዛውን የሚቀባበል ጠፋ። በእኛ አገር ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ሟች ራሷ የምትራመድ ትመስላለች፤ የዛሬው እየቆመ፣ እየተንገዳገደ ሄደ። እኔም አንዱን እጀታ ያዝሁ። ልጃቸው ብርቱካን ከአንበሳሜ ደርሳለች። መንገዱን ሁሉ ወደ ኋላ ስትገላመጥ ነበር፤ የሚመጣ ሰው ትጠብቃለች። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቀና ብላ፣ «እናቴ ሰው አልነበራትም?» አለች።

አካፋ አንሥቼ አፈር መለስሁ።

ስመለስ ወፍጮ ቤቱ ጋ ሙላቴ። «ማን ሞተ፣ መምህር?»

«ጧት አልሰማህም?»

«ባጃጁን? ስብሰባ መስሎኝ። ኋላ ትርንጎ ይርዳው ሲል... ከግብርና ቢሮዎቹ አንዷ ትሆናለች ብዬ ተውሁት።»

«የጌሾዋ እታለም ናት።»

የያዘውን ጆንያ ለቀቀው። መሬት ላይ ቁጭ አለ። «አባቴ የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን ከደጄ አልተነሣችም እኮ፣ መምህር... ምነው? ምነው እንዲህ አረጋችሁኝ?»

መስከረም ፳፭ ቀን

ሰው ሁሉ አሁን እየሰማ ወደ ድንኳኑ ይጎርፋል፤ ግን ቀብር አይደገምም።

ከተማ ባህል የለውም ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? እመቤት ቲያትር አለች። እኔ ገጽ አልሁ። እርሷ የምታየውን ፈለገች፤ እኔ ራሴ የምታይበትን ፈለግሁ። ትናንት ግን... ሰው ሞቶ ጎረቤት ያልወጣበት ከተማ! ይህንንስ ምን ይሉታል? ስሙን አወቅሁት። ለአንድ ቀን ደብረ ታቦር በእውነት ባህል አልነበራትም። ያሳጣኋትም እኔ ነኝ፤ እመቤት ለአንድ ሰው ስለ ሳቀች።

መስከረም ፴ ቀን

የሟች ሰባት። ባዩ ትናንት ከወንዛዬ ተመልሷል፤ ሰላም አላለኝም።

ዕድርተኛው ድንኳኑን ሞልቶት ሳለ ድንጋይ በትከሻዬ ተሸክሜ ገባሁ። ያስተማርኋቸው ሁሉ ብድግ አሉ። ተቀመጡ አልሁ። ለብርቱካን፣ ለባዩ፣ ለዕድሩ ጎንበስ ብዬ አጠፋሁ አልሁ። የጌሾዋን ስም ያስቀረሁት ሳላውቅ አይደለም፣ ባዩን ያስነሣሁትም ለእግሩ አይደለም፣ ቀንቼ ነው አልሁ። ይህንንም አልሁ።

ባዩ ወደ ድንጋዩ አንገቱን አሰገገ። «መምህር፣ ድንጋይም መርጠው ነው እንዴ የሚሸከሙ? ይኼ የሕፃን ትራስ አይሆንም?»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ብርቱካን አልሳቀችም። መጥታ ድንጋዩን በገዛ እጇ አወረደችልኝ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። «አርባዋን ግን አንቱ ይጥሩልኝ። በእግርዎ። በየቤቱ።»

እመቤት የድንኳኑ ጥግ ላይ ቆማ ነበር። ስልኳ በእጇ አልነበረም።

ጥቅምት ፲፪ ቀን

ለምኜ ባዩን አስቀመጥሁት። እንዴት ነው የምትጠራ? ጭንቅላቱን አከከ።

«እኔ ሙት ምን ነበር ብዬ አልጀምርም። ለዚህኛው ቤት ምኑ ነበር፣ ለዚያኛው ቤት ምኑ ነበር፣ እያልሁ አድራለሁ። ሰው የሚወጣ ለራሱ ሙት ነው፣ መምህር።»

ሁለት መቶ ዐሥራ አራቱ ገጽ ውስጥ ይህ የለም። ዛሬም ቀናሁበት። የዛሬው ግን እንደ ተማሪ ነው።

ኅዳር ፩ ቀን

ስድሳ ሁለት ደጃፍ። ከነገ ወዲያ የጌሾዋ እታለም አርባ ነው አልሁ። ከዚያ በየቤቱ የሚጨመረውን። «የልጅሽን ሆድ ያሸችልሽ።» «ከወንድምህ ጋር ዱላ ስትማዘዙ መካከል የገባችው።» ከአንዱ ቤት የምለውን አጣሁ። የቤቱ ባለቤት ራሷ ሞላችልኝ፣ እያለቀሰች። ብዙዎቹን ሠላሳ ዓመት አውቃቸዋለሁ። አውቃቸዋለሁ እል ነበር።

ኅዳር ፬ ቀን

ትናንት አርባው ሆነ። ድንኳኑ አልበቃ ብሎ ሰው አጥር ሥር ተቀመጠ። ብርቱካን ከዳር እስከ ዳር እየዞረች ስታሳልፍ አየኋት፤ ወደ ኋላ አልተገላመጠችም።

ዛሬ ጧት እመቤት በሬን አንኳኳች። ስልኳን ይዛለች። «ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ስለ እርስዎ ጥሪ ያወራል። አንድ ጊዜ ይበሉልኝና ልቅዳዎት?»

ሁለት ወር ሙሉ የተራብኋት ቃል ይህች ነበረች። አፌን ከፈትሁ። ጉሮሮዬንም ጠረግሁ።

«ማን ሞተና?» አልኋት።

ሳቀች። ከእኔ ጋር። «ባዩንም ክፍል ገብተህ ለተማሪዎቼ በልልኝ ስለው ይህንኑ ነው ያለኝ፤ ቃል በቃል።»

ቀድሞኛል። በዚህም ቀድሞኛል! ሳቅሁ... ትንሽ ግን ቆጨኝ።