ያለ እኔ ሥራ ስለሚገባው ስኳሬ

ለተከበሩ የብስኩት ፋብሪካችን የሠራተኞች ጤናና ደኅንነት መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ግልባጭ፦ ለማስታወቂያ ሰሌዳው፣ ለሠራተኞች ክበብ በር፣ ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ክቡር ሆይ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ቢሮዎ፣ ከሹመቱ ጋር የመጣው የሚዞረው የቢሮ ወንበርዎ ሁሉ ደኅና ናቸው? እኔ በመምሪያዎ መልካም ፈቃድ ከማክሰኞ ጀምሮ ከሥራ ታግጄ ቤቴ እግሬን ዘርግቼ ስለተቀመጥሁ ደኅና ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምኜ ያላገኘሁትን ዕረፍት በሦስት ብስኩት ስላስገኙልኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ ከየትኛው የልቤ ክፍል እንደሆነ ግን ለጊዜው አልገልጽም።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ የማያውቁኝም ያነቡት ይሆናልና ራሴን ላስተዋውቅ። በማሸጊያ ክፍል፣ በሁለተኛው መስመር ላይ የሚዛን ሠራተኛ ነኝ። እሽጉ በፊቴ ያልፋል፤ ጎዶሎውን አነሣለሁ፣ ሙሉውን አሳልፋለሁ። በየጠዋቱ ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት ግማሽ ኪሎ መሆኗ የታወቀች አንዲት ብረት ሚዛኑ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ግማሽ ኪሎ ካላለኝ ስንት መብራት ቢያበራ አላምነውም። ይህ አመል ከሥራ ውጭም ስለማይለቀኝ ባለቤቴ «አንቺ እኮ የሰው ሰላምታ እንኳ መዝነሽ ነው የምትመልሺው» ይለኛል። የስኳር ሕመም ካደረብኝ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ኢንሱሊን እወጋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ መምሪያዎ ስኳር ላለብን ሠራተኞች ክንድ ላይ የምትለጠፍ፣ የካፖርት ቁልፍ የምታህል፣ ጣት ሳይወጋ ቀኑን ሙሉ ስኳር የምትለካ ሴንሰር ለሙከራ በነፃ እንደሚሰጥ ሲያስታውቅ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ያስደነገጠኝ ነፃ የሚለው ቃል ነበር። ይህ ፋብሪካ የተሰበረ ብስኩት እንኳ በነፃ ሰጥቶን አያውቅም። ሆኖም እርስዎ ራስዎ «እኔም ስኳር አለብኝ፤ አርአያ ሆኜ አብሬያችሁ አደርጋለሁ» ብለው እጅጌዎን ሲሰበስቡ ተሸነፍሁ። እርስዎ ከኃላፊዎች፣ እኔ ከሠራተኞች ተመርጠን በአዳራሹ ፊት ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ የክሊኒኩ ሲስተር ለጠፈችልን፤ ተጨበጨበ። ምርት ክፍል ስልክ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ በየግድግዳው ነጫጭ ሳጥኖች ተሰቀሉ። ሳጥኖቹ በግቢው ውስጥ ካለ ሰው ክንድ ላይ ቁጥሩን ተቀብለው ለመምሪያዎ ኮምፒውተር ያደርሳሉ፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ለየባለቤቱ ስልክ አጭር መልእክት ይልካል ተባልን። እኔም በሻይ ሰዓትና በምሳ ሰዓት ስልኬን ከሎከሬ እያወጣሁ የራሴን ስኳር እንደ ዘመድ ወሬ ማንበብ ጀመርሁ።

ከዚህ በታች ያሉት ቅሬታዎቼ ናቸው። ጊዜዎን እንደሚሻሙ አውቃለሁ፤ የእኔን ጊዜ ግን እርስዎ ስለጨመሩልኝ በሰፊው ጽፌአለሁ።

አንደኛ፤ ክትትል ስለሚባለው ነገር። የፈረምሁት ቅጽ «ለጤና ክትትል ተስማምቻለሁ» ይላል። ክትትል ቋንቋችን ሁለት ሥራ ደርቦ የሰጠው ቃል ነው፤ ሐኪም ሲከታተልሽ እንዳትሞቺ ነው፣ ሌላው ሲከታተልሽ እንዳታመልጪ ነው። እኔ ለመጀመሪያው ፈርሜ ለሁለተኛው መመዝገቤን ያወቅሁት በማግስቱ ነው፤ የክፍላችን ተቆጣጣሪ በሰው ፊት «እመቤቲቱ፣ ትናንት ከሰዓት ምን ቀምሰሽ ነው እንደዚያ የዘለለው?» ሲለኝ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲባል እሰማ ነበር፤ ብቅል ሳልቀምስ ሆዴ በኮምፒውተር ተነቦ መዋሉ ግን አዲስ ነው። ቁጥሬን ማን ማን እንደሚያይ በጽሑፍ ብጠይቅ «የሚመለከታቸው አካላት» የሚል መልስ ሰጡኝ፤ ቃልዎን አክባሪ ነዎትና እውነትም ሁሉም ተመለከቱት።

ሁለተኛ፤ ሴንሰሩ በተለጠፈልኝ ማግስት ክሊኒኩ በየወሩ ይሰጠኝ የነበረውን የጣት መለኪያ ስትሪፕ አቋረጠ። ሲስተርን ብጠይቃት ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ «ድርብ አገልግሎት አይፈቀድም ተብሏል፣ እናቴ» አለችኝ። አንድ ሚዛን እውነት መናገሩ የሚታወቀው በሌላ ሚዛን ነው፤ ይህንን እርስዎም የሚያውቁት ይመስለኛል፤ ስለሚያውቁትም ይሆናል የወሰዱብኝ።

ሦስተኛ፤ ከረሜላዬ። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ ከመጠን በላይ ሲወርድ ወዲያው ጣፋጭ ካልቀመሰ ሊወድቅ፣ ከከፋም ላይነሣ ይችላል። ይህን የሚለው መምሪያዎ ራሱ ያሳተመው ወረቀት ነው፤ በር ላይ ተለጥፏል፤ በዚያው በር ላይ የቆመው ጥበቃ ደግሞ በዚሁ ሳምንት ሰኞ ጠዋት፣ ከመምሪያዎ በወጣ አዲስ የንጽሕና መመሪያ መሠረት፣ ከሽርጥ ኪሴ ውስጥ አራት ከረሜላ ቆጥሮ ተቀበለኝ። ወረቀቱን በጣቴ ባሳየው «እሱ ለጤና ነው፣ እኔ የመጣልኝ ስለ ንጽሕና ነው» አለኝ። ሁለቱም ወረቀቶች የእርስዎ ፊርማ አለባቸው፤ ፊርማዎ ያምራል።

አራተኛ፤ የዚያው ሰኞ ጉዳይ። ሙከራው ከተጀመረ ወዲህ በየቀኑ በሻይ ሰዓት ስልኬን ስከፍት ስኳሬ ከሁለት መቶ ሃምሳ ከፍ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር። ሐኪሜ ከሁለት መቶ ካለፈ አራት ዩኒት ኢንሱሊን ጨምሪ ስላለኝ እጨምራለሁ፤ ስድስት ሰዓት ሲቃረብ ያልበኛል፣ ከረሜላ እቀምሳለሁ፣ ይሻለኛል። ግራ ገባኝ። ዕድሜ ነው አልሁ፤ ኢንሱሊኑ ነው አልሁ፤ ባለቤቴን ሳይቀር ሻዬ ውስጥ ስኳር ትጨምራለህ ብዬ ጠረጠርሁት፤ በሃያ ስድስት ዓመት ትዳራችን ሁለት ቀን ሙሉ ያኮረፈኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሰኞ ዕለትም በአራት ሰዓት ተኩል መልእክቱ «ስኳርዎ 262 ነው» አለኝ፤ ወጋሁ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ላብ አጠመቀኝ፣ የሚዛኑ ቁጥር ሁለት ሁለት ሆኖ ታየኝ፤ ኪሴን ብዳብስ ባዶ ነው። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዴን አቆማለሁ፤ ፈራሁ። ማሽኑ ስር የምቀር መሰለኝ፣ ልጄ ማታ በር ስትከፍት ቤቱ ጨልሞ የምታገኘው መሰለኝ። ሚዛን ጎድሎበት ካነሣሁት እሽግ ውስጥ ሦስት ብስኩት አውጥቼ በላሁና ነፍሴ ተመለሰች። ነፍሴ በተመለሰች በሩብ ሰዓት ውስጥ የእገዳ ደብዳቤዬ ደረሰ።

ደብዳቤው ከሦስቱ ብስኩቶች አልፎ «የሠራተኛዋ ስኳር በየዕለቱ ከአራት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ በድንገት መጨመሩ፣ የፋብሪካውን ምርት በድብቅ ስትመገብ መቆየቷን ያረጋግጣል» ይላል። የአንድ ሳምንት ስዕልም ተያይዟል፤ እያንዳንዷ ኮረብታ በቀይ ተከብባለች። የፊታችን ሰኞ በሦስት ሰዓት በእርስዎ ሰብሳቢነት የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተቀምጦ የመባረሬን ነገር ይወስናል። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ግራም ሳላጭበረብር ኖሬ በሌብነት ስጻፍ ያፈርሁትን ማፈር ለጠላቴም አልመኝም፤ ልጄ ወረቀቱን አንብባ ሻይ ስታፈላልኝ ነው ያለቀስሁት።

አምስተኛ፤ አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና። ማክሰኞ፣ በእገዳዬ የመጀመሪያ ቀን፣ አልጋዬ ላይ ጋደም ባልሁበት በአራት ሰዓት ከሃያ አምስት ስልኬ ጮኸ። «ስኳርዎ 254 ነው።» ቤቴ ከፋብሪካው ሁለት አውቶቡስ ይርቃል። ነጫጮቹ ሳጥኖች እኔን ሊያዩ ቀርቶ ሰፈሬን አያውቁትም። እኔ ታግጃለሁ፤ ስኳሬ ግን በሰዓቱ ሥራ ገብቷል፣ እንዲያውም የሻይ ሰዓት አክብሯል! ተነሥቼ ስኳር ካለባት ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ ሦስት ስትሪፕ ተበድሬ ጣቴን ወጋሁ፤ 109። ረቡዕ ስልኬ 271 ሲል ጣቴ 117 አለ። ሐሙስ ስልኬ ቀኑን ሙሉ ዝም አለ፤ ዝምታው ከቁጥሩ የባሰ አጠራጠረኝና ወደ ሬዲዮ ደወልሁ። ሬዲዮ የምንላት ለእናንተ ለሦስተኛው ፎቅ ሻይና ኬክ የምታደርሰዋ ባልደረባችን ናት፤ ባትሪ አትጨርስም። «ሐሙስማ ኃላፊው ለስብሰባ ከግቢ ወጥተው ዋሉ፤ ኬኩም ሳይነካ ተመለሰ» አለችኝ።

ስድስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን ቅሬታ ስላልሆነ ቁጥሩን ተውሁት።

ያን የጭብጨባ ዕለት ሲስተር በሁለቱ ሴንሰሮች ማሸጊያ ላይ የእርስዎንና የእኔን የመታወቂያ ቁጥር ጽፋ ትሪ ላይ አሰልፋቸው እንደነበር ያስታውሳሉ? በኮምፒውተሩም ያንኑ መዝግባ ነበር። ከዚያ ፎቶ አንሺው «ኃላፊው በመስኮቱ በኩል ይሁኑልኝ፣ ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ይረፍ» አለ፤ እኛ ወንበር ተቀያየርን፤ ትሪው ባለበት ቀረ። ፎቶው ዛሬም ሰሌዳው ላይ ተሰቅሏል። ሬዲዮን ጠጋ ብለሽ አንብቢልኝ ብያት ነበር፤ ሲስተር በእኔ ክንድ አጠገብ የያዘችው ማሸጊያ ላይ የተጻፈው የእርስዎ ቁጥር ነው፤ ፈገግታዎ ግን በትክክል ወጥቷል።

እንግዲህ ይፍረዱ። በየቀኑ በአራት ሰዓት ኬክ ሲበሉ የእርስዎ ስኳር በእኔ ስልክ ይወጣል። እኔ የእርስዎን አይቼ ራሴን እወጋለሁ። የእኔ ስኳር ሲወርድ መልእክቱ ለእርስዎ ይደርሳል፤ እርስዎም፣ ሬዲዮ እንደነገረችኝ፣ «ኧረ ስኳሬ ወረደ፣ ቶሎ ጣፋጭ አምጪ» እያሉ ሁለተኛ ቁራሽ ያስጨምራሉ። ያ ሁለተኛ ቁራሽ በምሳ ሰዓት ተመልሶ ወደ እኔ ስልክ ይመጣል። ለእርስዎ ስኳር የምወጋው እኔ ነበርሁ፤ ለእኔ መውረድ የሚበሉት እርስዎ ነበሩ። በቀይ የተከበቡት ኮረብታዎችም ከማሸጊያ ክፍል የበቀሉ ሳይሆኑ ከሦስተኛው ፎቅ ናቸው። የሰው ብስኩት በላች ብለው የከሰሱኝ በራስዎ ኬክ ነው።

አደራዬ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጥፋቱን ሲስተር ላይ እንዳያሳርፉት፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆን። ልጅቷ በትክክል ጽፋለች፤ ያስነሡን ለፎቶ ነው። ሁለተኛው፣ ሰኞ ስብሰባው ከመከፈቱ በፊት በኮሚቴው ፊት ሁለታችንም ጣታችንን እንወጋና ቁጥራችን በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ከዚያ በኋላ ሌባው ማን እንደሆነ ስዕሉ ራሱ ይናገር።

ለአርአያነትዎ፣ ለክትትልዎ፣ ለነፃው ሙከራ፣ ባለቤቴን በከንቱ እንድጠረጥር ላደረገኝ ትክክለኛ ቁጥርዎ፣ ደግሞም ሳላውቀው ለስምንት ቀን የእርስዎን ሕመም እንድታመም ስለሰጡኝ ክብር እጅ እየነሣሁ፣ ደብዳቤዬን በታላቅ ትሕትናና በሙሉ ጥርጣሬ እፈጽማለሁ።

ታዛዥዎ፣
የሁለተኛው መስመር የሚዛን ሠራተኛ
(ለጊዜው ከሚዛኗ የተለየች)

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ፣ ዛሬ ዓርብ በአራት ሰዓት ከሃያ፣ ስልኬ እንደገና ጮኸ፤ «ስኳርዎ 318 ነው» ይላል። የእኔ ጣት 112 ስላለ ይህኛው የእርስዎ ነው፣ እነሆ መልሼልዎታለሁ። እኔ ከግቢው ከወጣሁ ወዲህ በእርስዎ ስልክ መልእክት አለመምጣቱን አይተው ስኳሩ የጠፋልዎ እንዳይመስልዎ። የምሬን ነው፣ ኬኩን ያስቀምጡና ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ያለዚያ ሰኞ «ሰብሳቢው ስለታመሙ ጉዳዩ ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል» ተብሎ እገዳዬ እንዳይራዘም ሰግቻለሁ።