ሮይን ብቻ ያራሰው ዝናብ

ማርች 3፣ ሰኞ

ሙቀት። ዝንብ። ዝናብ የለም። ሰሌዳዬ ግን ይሠራል። ኮረብታው ላይ ያለው የአየር መለኪያ አንድ መስመር ይልካል፦ ቦታ፣ ንፋስ፣ ዝናብ፣ ሙቀት፣ በኮማ ተለያይተው። ሲሪያል በሚባል የመረጃ ገመድ ፊደል በፊደል ይገባል፤ ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍኩት ፕሮግራም ኮማው ላይ ይቆራርጠውና የመንደሩ አዳራሽ በር ላይ ያለው ሰሌዳ ያሳየዋል። ዛሬ ንፋስ 12፣ ዝናብ 0፣ ሙቀት 36። ለመንደሩ ኮሚቴ "አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም" አልኳቸው። ሮይ አዛጋ። ሊቀመንበር ነው፣ የመጠጥ ቤቱም ባለቤት።

ወንድሜ ዴስ ምሳ ላይ መጣ። ሣሩ አልቋል። "እስከ ዓርብ ካልዘነበ በጎቹን እሸጣለሁ" አለ። የአባታችንን በጎች... ምን ይባላል?

ማርች 5፣ ረቡዕ

ዘነበ! ሰሌዳው "ዝናብ 38" ይላል። እዚህ ጠብታ የለም፤ ኮረብታው ግን ሩቅ ነው። በዚያ በኩል ደመና ነበር... መሰለኝ። መንደሩ ሰሌዳው ሥር ቆሞ ሲሳሳቅ ዋለ። ሮይ፣ "እኔ እኮ ጠዋት እዚያ ነበርኩ። እስከ ካልሲዬ ነው የራስኩት!" አለ። ካልሲውን አየሁት። ደረቅ ነው። "ደርቆ ነዋ ሜርል!"

ዴስ አቀፈኝ። ከእናታችን ቀብር ወዲህ አቅፎኝ አያውቅም። "አልሸጥም። እዚያ ያለው ኩሬ ሞልቷል ማለት ነው። ቅዳሜ ኮረብታው ላይ አወጣቸዋለሁ።"

ማርች 6፣ ሐሙስ

ዛሬ ደግሞ 41። ነጎድጓድ የሰሙም ተገኙ። ኮሚቴው የምስጋና ቋሊማ ጥብስ ይኑር ብሎ በሙሉ ድምፅ ወሰነ።

ግን ሙቀቱ ለምን ከሰኞ ጀምሮ 36 ላይ ተገተረ? በረንዳዬ ላይ ያለው ቴርሞሜትር 41 ይላል። 41?

ማርች 7፣ ዓርብ

የትናንቱን ጥሬ መስመር አወጣሁት። "ኮረብታ,,0,41"። ሁለቱ ኮማዎች መካከል ምንም የለም። ንፋሱ ጠፍቷል። ስትርቶክ የሚሉት የሲ ቆራጭ ደግሞ ባዶ ክፍል ሲያገኝ ዘሎ ያልፋል። ስለዚህ ዝናቡ ንፋስ ቦታ ተቀመጠ፣ ሙቀቱ ዝናብ ቦታ። ለሙቀት የተረፈ የለም፤ የድሮው ቁጥር እዚያው ቀረ። ስናመሰግን የሰነበትነው ሙቀቱን ነው! ጥፋቱ የማን ነው? የስትርቶክ... እሺ፣ የኔም።

ለዴስ ደወልኩ። "ሮይ ራሰ እኮ! አንቺ ከማሽን ጋር ስትጨቃጨቂ ሰውየው ራሰ!" ብሎ ዘጋብኝ።

ሮይ ጋ ሄድኩ። ቋሊማ ያገላብጣል።

"ሮይ፣ በጎቹ በውሃ ጥም ያልቃሉ። አልራስኩም በል።"

"ሰው ፊት?" አለኝ።

ማርች 8፣ ቅዳሜ

ዴስ የጭነት መኪናውን ሲያስነሳ ዘልዬ ገባሁ። ከኋላ በጎቹ ይጮኻሉ። ኮረብታው አቧራ ብቻ፤ ኩሬው ተሰነጣጥቋል። መለኪያው ላይ አንድ ነጭ በቀቀን ቁጭ ብሎ የንፋሱን ገመድ ያኝካል።

ዴስ የኩሬውን አፈር በጫማው ጫር አደረገ። "ሮይ የት ነው የራሰው?" አለ። ሳቄ መጣ። እሱ አልሳቀም። በጎቹን መልሰን ወሰድናቸው። ግማሹን ሸጦ ለቀሩት ድርቆሽ ይገዛል። ጀርባውን ሳየው አለቀስኩ።

ማርች 9፣ እሑድ

ስትርቶክን አባረርኩት። ፕሮግራሜ አሁን ኮማ ባየ ቁጥር ክፍሉን ይዘጋል፣ ባዶም ቢሆን። ሰሌዳው "ንፋስ፦ አልታወቀም" ይላል። ሮይ ወረቀት ለጠፈበት፦ "አትመኑት"። ሰሌዳውን ማለቱ ነው።

ኤፕሪል 24፣ ሐሙስ

ዴስ ከመጠጥ ቤቱ ደወለ። ኳስ እያዩ ነው፤ ጫጫታው ጆሮ ይበጥሳል።

"ማሽንሽ ደግሞ ጀመረው። በአዳራሹ በር ሳልፍ ዝናብ ዘጠኝ ይላል። ሰው ሁሉ እየሳቀ ነው።"

"በሩን ክፈት" አልኩት።

"ሜርል፣ እባክሽ ሰው አታስቂብኝ..."

"ዴስ። ክፈተው።"

በሩ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። ጫጫታው ቀስ በቀስ ጠፋ። ከዚያ ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ... በእኔም ጣሪያ ላይ፣ በስልኩም ውስጥ።

ከኋላው ሮይ፣ "ብያችሁ ነበር አይደል?" አለ።

"ና ውጣ ሮይ" አለ ወንድሜ። "ካልሲህን አሳየን።"