ጽጌን ያስፈታኝ እንቁላል

ጥቅምት 3

ወንጂ ዛሬም ሙቀቱ አይጣል። ለሊዲ ዳቦ በሻይ ሰጠኋት። ሻዩን ጠጣች፣ ዳቦውን ለድመቷ። ወባው ለቀቃት ተባለ እንጂ ፊቷ እንደገረጣ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ቁጭ...

ወለተሥላሴ የምታሳድጋት እንቁ ግን በዚያው ሳምንት ታማ ይኸው ገመድ ትዘላለች። አንድ ቦይ፣ አንድ ትንኝ፣ አንድ ኪኒን። ምን ብታደርግላት ነው? "የእኔዋማ ተነሣች" ትለኛለች መንገድ ላይ አቁማ። ማን ጠየቃት? ልጄ መሳይ ለሥራ አዳማ ስትገባ ሊዲን የተወችው ለእኔ ነው፤ ለአማቷ ለወለተሥላሴ አይደለም።

ጥቅምት 7

ትኩሳቱ ተመለሰ። ጤና ጣቢያ ሄድን። ወለተሥላሴ ሳልጠራት ተከትላ መጣች።

ነርሱ ምንተስኖት ወባው አለ፣ ደሟም አንሷል አለን። ብረትና ዚንክ ከምግቡ ሲጎድል የልጅ ሰውነት ወባን የሚዋጋበት አቅም ያጣል፣ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም አለ። የብረት ሽሮፑን ወባው ከጠፋ በኋላ እሱ ራሱ ያዝዝላታል፤ በራሴ እንዳልገዛ። እስከዚያ እንቁላል፣ ጉበት፣ ምስር። ሻይ ከምግብ ጋር ክልክል፤ ብረቱ ወደ ደሟ እንዳይገባ ያደርጋል። የእኔ ሻይ...

"እንቁ ሻይ አታውቅም" አለች ወለተሥላሴ። ምን አስገባት?

ማታ መሳይ ደወለች። ማን እንደነገራት አውቃለሁ። "እማ፣ እስኪሻላት እትዬ ወለተሥላሴ ጋ ትሁን?" እስከ እሑድ ታገሺኝ አልኳት። ካልበላች ይወስዱብኛል።

ጥቅምት 8

እንቁላል ጠበስኩላት። ፊቷን አዞረች።

ጥቅምት 9

ወለተሥላሴ መጣች። ሳህኑን ከእጄ ተቀብላ አንድ ጉርሻ ለራሷ፣ አንድ ለሊዲ... ሙልጭ አደረጉት። "እኔ ጋ ብትሆን እስካሁን ትሮጥ ነበር፣ በልዬ" አለችኝ። ጽጌን እንኳ የማትጾም ሴትዮ! ጓዳ ገብቼ ድስት አንኳኳሁ። እኔ የሌለኝ እሷ ምን አላት?

ጥቅምት 10

መሬት ቁጭ ብዬ ሊዲን ብዪ እያልኩ ለመንኳት። "እማማ፣ አንቺስ?" አለችኝ። እኔ ጾመኛ ነኝ አልኳት።

"እኔም ጾመኛ ነኝ።"

ለካ እንዲህ ኖሯል... ሳላውቅ ሳስጾማት ሰነበትኩ?

ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፣ ከልጅቱ ጋር ብዪ አሉኝ። ስንት ዓመት አጓድዬው የማላውቀውን... ወለተሥላሴ ብታየኝስ ምን ትላለች?

ጥቅምት 11

በላን። ሁለታችንም።

ኅዳር 9

ወባው ሐሙስ እንደገና ያዛት። ትኩሳቷን እንዳየሁ ወደ ምንተስኖት ሮጥኩ። ይኸው ዛሬ በሦስተኛው ቀን ተነሥታ ራበኝ አለች። ራበኝ! ድሮ ሁለት ሳምንት የምትተኛው ልጅ። ደሟም ጨምሯል ብሎኛል። መሳይ ትወሰድ የሚለውን ነገር ከተወችው ቆየች።

ወለተሥላሴ ጉበት ጠብሳ በሳህን ሸፍና መጣች። ሊዲ ከእኔ ጋር እየጎረሰች ቀና ብላም አላየቻት። ወለተሥላሴ ያመጣችውን ወደ ጎን አደረገች። "በቃ ያንቺ እጅ ጣማት" አለች። ሳቀች፣ ፊቷ ግን... ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ወሩን ሙሉ ይዤው የዞርኩት ፊት ነው። ደስ ሊለኝ ነበር የሚገባው። አላለኝም።

ሳህኗን ገልጬ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። "ነይ፣ እኔ ጠግቤያለሁ። አንቺ አጉርሻት።"

ሊዲን በዓይኔ ጠቀስኳት። አፏን ከፈተች።