ስለ «ሀ» እና «ለ» ዕጣ፤ ለቀበሌያችን ሊቀመንበር

ጉርድ ሾላ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ተስፋማርያም፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም፣ ባለቤትዎንም፣ ልጅዎን ወይንሸትንም በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። ጤንነት ያልኩት ለወጉ ያህል አይደለም፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ያገኙታል። በግልጽ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ሰፊው ሕዝብ ሂሱን ያለ ፍርሃት እንዲያቀርብ ባለፈው ስብሰባ ያሳሰቡት እርስዎ ራስዎ ስለሆኑ፣ እኔም የክሊኒኩ ድሬሰር መመሪያዎን አክብሬ ሂሴን ከስኳር ራሽን ዝርዝር ጎን ለጥፌዋለሁ። ስኳር የሚጠብቅ ሰው ለማንበብ ጊዜ አለው።

1ኛ. አምና በጋ ማጅራት ገትር ከቀበሌያችን አሥራ አንድ ልጆች ወሰደ። አንዷ የስድስት ዓመቷ ልጄ አስመረት ነበረች። ዘንድሮ ሐኪሞች አዲስ ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዘው ቦሌ ሲወርዱና ጥናቱን እኛ ዘንድ ለማድረግ ሲጠይቁ፣ እርስዎ ስለ ሳይንስ አርባ ደቂቃ ንግግር ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። ሐኪሞቹ በአምስት ደቂቃ የተናገሩት ግን ይህን ነበር፦ ክትባቱ ይከላከል እንደሆነ ገና አይታወቅም፤ ለማወቅ ከስድስት መቶ ልጆች ግማሾቹ አዲሱን፣ ግማሾቹ የመንጋጋ ቆልፍን ክትባት ይወጋሉ፤ ለማን የትኛው እንደደረሰው ወጊውም ተወጊውም ሳያውቅ፣ እስከ ግንቦት የታመመው ይቆጠራል። እናቶች ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ በዕቁብ ነው የተረዱት፤ የዕቁብ ዳኛ ለወዳጁ ዕጣ መርጦ እንደማያወጣ ያውቃሉ። እያንዳንዷ እናት በአዳራሹ ፊት «ሀ» ወይም «ለ» የተጻፈባትን ካርድ ከባርኔጣ አወጣች። ባለቤትዎ «ለ» ሲደርሳቸው እርስዎ ያጨበጨቡትን ጭብጨባ አልረሳሁም።

2ኛ. መዝገቡ ማኅተም ያስፈልገዋል ብለው ሦስት ቀን ቢሮዎ አቆዩት። ማኅተም መምታት ይህን ያህል ጊዜ የሚፈጅ ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበርና ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ሲመለስ የእርስዎን ልጅ ጨምሮ አርባ ሦስት የኮሚቴ አባላትና የዘመድ አዝማድ ልጆች ከ«ለ» ተሰርዘው «ሀ» ውስጥ ገብተዋል፤ ቁጥሩ እኩል እንዲሆን ደግሞ አርባ ሦስት ዘመድ የሌላቸው ልጆች ወደ «ለ» ወርደዋል። ከፊሉ ገጽ እንዳለ ተቀድዶ በአዲስ ተገልብጧል። «ሀ» ከ«ለ» እንደሚቀድም ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያውቃል፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በእርስዎ ላይ ይህን ያህል ፍሬ ማፍራቱ አስደስቶኛል። የትኛው ፊደል የትኛው ክትባት እንደሆነ የሚናገረው ወረቀት ግን በታሸገ ፖስታ ውስጥ ነበር። ግለ ሂስም ላቅርብ፦ ስርዙን አይቻለሁ። በእያንዳንዱ ስርዝ ላይ ማኅተም ስለነበረበት ዝም ብዬ ወጋሁ። ይህ ያሳፍረኛል።

3ኛ. ቅመም ነጋዴዋ ወይዘሮ ሲቲ በሐኪሞቹ ፊት ከሻሻቸው ጫፍ ካርዳቸውን ፈትተው «ሀ» መሆኑን ሲያሳዩ፣ ልጃቸው አብዱልሐሚድ በመዝገቡ «ለ» ሆኖ ተገኘ። «ዕጣዬን ማን በላው?» ብለው ጠየቁ። ሐኪሞቹም ያንኑ ጠየቁ። ካርዳቸውን የጣሉ እናቶች ስለነበሩ በአዲስ በተገለበጡት ገጾች ላይ የተነካው ስንት እንደሆነ ማንም ሊምል አልቻለም። ከዚህም በላይ በሰፊ ቤት የሚያድር ልጅ በአንድ ክፍል ስምንት ሆኖ ከሚያድረው ይልቅ በዚህ በሽታ የመያዝ ዕድሉ ያነሰ ስለሆነ፣ እንዲህ ተመርጦ የተሞላ መዝገብ ቢቆጠር የሚናገረው ውሸት ነው።

4ኛ. ሐኪሞቹ ጥናቱን ዘግተው ሐሙስ ዕለት በቦሌ ተመልሰዋል። በሽታው የሚነሣበት ጥር ሊገባ ሦስት ሳምንት አልቀረውም።

ጥናቱ አስመረትን እንደማይመልስልኝ አውቅ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ ቤት ለቤት የዞርኩት፣ ከርሞ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ስትመጣ ይህ መርፌ ይከላከላል ወይም አይከላከልም ብዬ በእርግጠኝነት መናገር እንድችል ብቻ ነበር። ተናድጃለሁ፤ ይህንንም በትሕትና አስታውቃለሁ።

ማኅተምዎ ቀለም እንዳያጣ፣ ወንበርዎም እንዳይነቃነቅ እየተመኘሁ፣ ሊያስጠሩኝ ቢፈልጉ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክሊኒኩ ውስጥ እንደምገኝ በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ።

በመዝገብዎ ተማምና ልጆቹን የወጋች ታዛዥዎ፣
ንግሥቲ ገብረእዝጊ

ማሳሰቢያ፦ ሐኪሞቹ ከመሄዳቸው በፊት ፖስታውን ከፍተውታል። አዲሱ ክትባት «ለ» ነበር። የወይዘሮ ሲቲ ልጅ እሱን ተወግቷል፤ ወይንሸት የተወጋችው የመንጋጋ ቆልፍን ነው። ጥቂት የተረፈ አዲስ ክትባት ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጠውልኛል። ልጅቷ ጥፋት የለባትምና ማክሰኞ ጠዋት ይዘዋት ይምጡ፤ ወረፋው ቀድሞ ለመጣ ነው። ይከላከልላት እንደሆነ ከጠየቁኝ ግን አላውቅም። መልሱን በራስዎ እስክሪብቶ ሰርዘውታል።