ግንብ የተጨመረበት ቤት

ማርች 3

ዕድሜዬ ዛሬ ሰማንያ አራት ዓመት ከአንድ ወር ከሁለት ቀን። ዝናብ። ቁርስ ዳቦ ከወይን ማርማላታ ጋር። ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይ አፍልቼ ብቻዬን ጠጣሁ። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር መጠጥ ነው... ቅሉን ለማን ላቀብል?

ከሰዓት በኋላ አርኖ ዊንክ መጣ። ተማሪዬ ነበር፤ ዛሬ የምእመናኑ ሊቀ መንበር ነው።

«መምህር፣ መሐንዲሱ ቁርጡን ነገረን። የደወሉ ግንብና ቤተ ክርስቲያኑ ከእንግዲህ ተጣብቀው አይቆሙም። አንዱ መፍረስ አለበት።»

«የትኛው?»

«በሜይ መጨረሻ ጉባኤው ይወስናል። እርስዎ የሕንፃውን ታሪክ ይጻፉልን። እዚያው ይነበባል፣ ኋላም ይታተማል። ስለ ግንቡ ሞቅ አድርገው ይጻፉ እንጂ።»

እሺ አልሁ። ለምን እሺ አልሁ? ቤተ ክርስቲያኑ ከፈረሰ የአልማም መቀመጫ ይሄዳል። ባለቤቴ ካረፈች ሦስት ዓመት። አልጋዋን ልጃችን ወሰደች፣ ልብሷን ሴቶቹ ተካፈሉት። በሴቶች በኩል አራተኛው አግዳሚ ብቻ ነው ያልተነካው።

ማርች 21

ጽሑፉ ተጀመረ።

አባቶቻችን ከጀርመን መጥተው በዚህ የብራዚል ሸለቆ ሲሰፍሩ የንጉሠ ነገሥቱ ሕግ ግልጽ ነበር። ካቶሊክ ያልሆነ ሰው መጸለይ ይችላል፤ የሚጸልይበት ቤት ግን ቤተ ክርስቲያን እንዳይመስል። ግንብ አይኖረውም፣ ደወል አይኖረውም። ስለዚህ እንጨት አዋቅረው፣ መካከሉን በጡብ ሞልተው፣ እንደ መኖሪያቸው ያለ ቤት ሠሩ። የመስኮቱ መዝጊያ ሳይቀር የመኖሪያ ቤት ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ሲወርዱ ሕጉም አብሮ ወረደ። ያን ጊዜ የእኛዎቹ ቸኮሉ። የካቶሊኮቹ ልጆች «ጎተራ ውስጥ የሚዘምሩት» እያሉ ሲያላግጡባቸው ኖረዋልና... ለመኖሪያ በተጣለ መሠረት ላይ፣ ከቤቱ ፊት አጣብቀው፣ የጥቁር ድንጋይ ግንብ ከመሩ። እንጨት በዝናብ ያብጣል፣ በፀሐይ ይኮማተራል። ድንጋይ እንዲያ አያውቅም። ብዙም ሳይቆይ ግንቡ ቤቱን ወደ ራሱ መጎተት ጀመረ። ጣሪያው እንዳይወርድ ከውስጥ፣ በአግዳሚዎቹ መካከል፣ ወፍራም ደጋፊ ምሰሶ አቆሙ።

«ግንቡ ስህተት ነበር» ብዬ ጻፍሁ።

ድሮ ቢሆን የጻፍሁትን ሁሉ ለአልማ ጮክ ብዬ አነብላት ነበር። ዛሬም ጮክ ብዬ አነበብሁ። ባዶው ማድ ቤት ብቻ ሰማኝ።

ኤፕሪል 9

ግንቡና ቤቱ በሚገናኙበት ላይ የተከፈተውን ስንጥቅ ለማየት ሄድሁ። የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ የምትይዘው ሜታ ክሎስ ከፈተችልኝ። የአልማ የልጅነት ጓደኛ ናት፤ አርጅታም ምላሷ አልዶለዶመም።

«እጅዎን አያስገቡበት፣ መምህር። ስንጥቁ ከዋጠዎት ታሪኩን ማን ይጨርሳል?»

በዚህ ቤት ወንድ በቀኝ፣ ሴት በግራ ይቀመጣል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ወደ ፊተኛው አግዳሚ ይታለፋል። ወጣት ፓስተሮች ሊያስቀሩት ቢሞክሩም እኛ አሻፈረን አልን። ሜታ ዛሬ የመጀመሪያው አግዳሚ ላይ ናት። አልማ ግን ሙሽራ ሆና ከተቀመጠችበት፣ ከአራተኛው፣ ከምሰሶው ኋላ፣ እስክትሞት ፈቀቅ አላለችም።

«ስንት ጊዜ ለመንኋት» አለች ሜታ። «'ወንዶቹ የመምህሩ ሚስት ከፓስተሩ ተደብቃ ትቀመጣለች እያሉሽ ነው፣ ነይ ወደ ፊት' ስላት ትስቃለች እንጂ አትነሣም።»

እኔም ነግሬያት ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ «ስብከቱ እንዴት ነበር?» ስላት መልሷ ያው ነው። «ድምፁ ደህና ነበር።» ሌላ የለም። ልቧ እዚያ ያልነበረ ይመስለኝ ነበር... የት ነበር ታዲያ? እኔ መዝሙር መሪ ነኝና ከኦርጋኑ አጠገብ ባለው የመምህር መቀመጫ፣ ዓይኔን ከመስበኪያው ሳልነቅል ኖርሁ።

ኤፕሪል 28

አርኖ ረቂቁን አንብቦ መጣ። አልተቀመጠም።

«መምህር፣ ይህ የጎተራ ታሪክ ነው።»

«የቤት ታሪክ ነው።»

«የግንቡን የመጀመሪያ ድንጋይ ያኖረው ቅድመ አያቴ ነው። እርስዎ ስህተት ነበር ይላሉ። ከመንገድ የሚታየው እኮ ግንቡ ነው። ከተማ የገቡት ልጆቻችን ሲመጡ ፎቶ የሚያነሡት ግንቡን ነው።»

«የእኔም አያት ድንጋይ አቀብሏል፣ አርኖ። ግን በየዓመቱ ሦስት ቀን ሙሉ የምንጨፍረው ለየትኛው ነው? ለቤቱ አይደለም? ቤቱ የተባረከበትን ቀን ነው የምናከብረው። እስቲ ግንቡ የተመረቀበትን ቀን ንገረኝ።»

አያውቀውም። እኔም አላውቀውም።

«ዛሬም ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆሙ ይመስልዎታል» ብሎ ሳቀ። እንዲቀመጥ ለመንሁት። ላሞቹ የሚታለቡበት ሰዓት ደርሷል አለ።

ሜይ 15

ብርድ። ማንም አልመጣም።

ሜይ 31

ጉባኤ። ቆሜ አነበብሁ፤ ድምፄ አልከዳኝም። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ አንዱ ከኋላ፣ «ግንቡ ከፈረሰ ደወሉ የት ሊሰቀል ነው?» አለ።

«አርኖ አንገት ላይ» አለ ሌላው። «ላሞቹም መንገድ አይጠፋቸውም።»

ሳቁ። አርኖም ሳቀ። እጅ ወጣ።

ግንቡ ይቁም፣ ቤቱ ይፍረስ፣ ከግንቡ ራቅ ብሎ አዲስ አዳራሽ ይሠራ። ለቤቱ እጃችንን ያወጣነው ጥቂት ሽማግሌዎች ነን። ሜታ አንዷ ናት። ስንወጣ ሁሉም ተራ በተራ ጨበጡኝ። «ደስ የሚል ጽሑፍ ነው፣ መምህር።»

ደስ የሚል...

ጁን 22

የመጨረሻው የእሑድ ጸሎት። አግዳሚዎቹ ነገ ይነቀላሉ።

ሰው ሁሉ ወጣ። ሜታ ቁልፉን ይዛ በሩ ላይ ቀረች።

«ትንሽ ልቆይ?»

«ይቆዩ። እኔስ ምን አስቸኮለኝ?»

መተላለፊያውን ተሻገርሁ። በሴቶች በኩል ወንድ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም፤ እንደ ሌባ ዙሪያዬን ቃኘሁ። አራተኛው አግዳሚ። አልማ በምትቀመጥበት ጥግ ተቀመጥሁ።

መስበኪያው አይታይም። ጨርሶ አይታይም። ግንቡ ቤቱን ሲጎትት ያቆሙት ምሰሶ ጋርዶታል። መስቀሉንም፣ ፓስተሩ የሚቆምበትንም። አንገቴን ወዲህ አልሁ፣ ወዲያ አልሁ... ምንም። በምሰሶውና በግድግዳው መካከል ጠባብ ክፍተት አለች። በዚያች ክፍተት አንድ ነገር ብቻ ይታያል።

የመምህሩ መቀመጫ።

ተነሥቼ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ሞከርሁ። መስበኪያው ፍንትው ብሎ ታየ፤ የእኔ መቀመጫ ጠፋ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ተመልሼ አራተኛው ላይ ተቀመጥሁ።

«ሜታ... ታውቂ ነበር?»

«ሴቶቹ ሁላችን እናውቅ ነበር» አለች። «ቀና ብለው ወደ ፊት ብቻ ሲያዩ የኖሩት እርስዎ ነዎት።»

ከዚያ ወጥታ ውጭ ጠበቀችኝ። ሳትጠራኝ፣ ሳታስቸኩለኝ።

ጁን 24

ከማለዳ ጀምሮ የመዶሻ ድምፅ። መስኮቱን አልዘጋሁም።

ጽሑፉን ለማተሚያ ቤት ጨረስሁ። «ግንቡ ስህተት ነበር» የሚለውን አልሰረዝሁም፤ እውነት ነውና አርኖ ይቀየመኝ። ስለ ምሰሶው ከተጻፈው በታች ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርሁ። «ይህ ምሰሶ በሴቶች በኩል በአራተኛው አግዳሚ ጥግ ለተቀመጠ ሰው መስበኪያውን ይጋርድ ነበር፤ ሆኖም ስፍራውን በፈቃዷ የመረጠች አንዲት ሴት ሃምሳ ዓመት ተቀምጣበታለች።»

ስሟን ልጻፍ? ብዙ አሰብሁ። ጻፍሁት። አልማ ኪርስት።

ፖስታውን አሽጌ ለአርኖ ልኬዋለሁ።